ወላጆቻችን ውጭ አገር ሄደው ለምን ቤት ይዘጋባቸዋል? መኪና ሳይነዱ መንቀሳቀስ እንዴት ይቻላል?

ዛሬ ይዘን የመጣነው ጉዳይ ብዙ ቤት ውስጥ ያለ፣ ግን እምብዛም የማይወራ ነው። ከአገናም ሆነ ከወልቂጤና ከቡታጅራ ልጆቻቸው አሜሪካ፣ አውሮፓና አረብ አገር ያሉ ወላጆች ብዙ ናቸው። ልጅ ቪዛውን አስጨርሶ፣ ትኬት ቆርጦ እናቱን ወይም አባቱን ይወስዳል። ጎረቤት ተሰብስቦ ይመርቃል፣ ቡና ይፈላል፣ በርበሬውና ሚጥሚጣው ይታሸጋል። ሁለትና ሦስት ወር ሳይሞላ ግን በስልክ የሚሰማው ቃል ይለወጣል፦ «መልሱኝ ወደ አገሬ፤ እዚህ ታስሬ ነው ያለሁት»።

ይህን የሚሉት ሰዎች እዚህ እያሉ ቤት የሚውሉ አልነበሩም። ገበያ ወጥተው ይገባሉ፣ ለቅሶ ይደርሳሉ፣ እድር ይሰበሰባሉ፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ይሄዳሉ፣ ሲያስፈልግም ወልቂጤ ደርሰው ይመለሳሉ። መንጃ ፈቃድ ኖሯቸው አያውቅም፣ ጎድሎባቸውም አያውቅም። ውጭ ሲሄዱ ግን ልጃቸው እስኪያርፍ፣ ማለትም እስከ ቅዳሜና እሁድ ድረስ፣ በር ላይ ተቀምጠው የሚጠብቁ ሰዎች ይሆናሉ።

ብዙ ጊዜ ምክንያቱ «ቋንቋ አይችሉም»፣ «አርጅተዋል»፣ «ያለ መኪና እዚያ አይሆንም» ተብሎ ያልፋል። እኛ ግን እንዲህ እንላለን፦ ትልቁ ምክንያት የአገሩን መሄጃ ማንም ቁጭ ብሎ አለማሳየቱ ነው። ማሳየቱ ደግሞ የአንድ ሳምንት ሥራ ነው። እንዴት የሚለውን እንይ።

ረዳት የሌለበት ታክሲ

አገና መናኸሪያ ላይ አንድ ሽማግሌ ማንበብ ባይችሉ ምንም አይጎድልባቸውም። ረዳቱ «ወልቂጤ! ወልቂጤ!» ብሎ ይጠራል። ሂሳብ ይቀበላል፣ መልስ ይሰጣል፣ ቦታ ያስለቅቅላቸዋል። «እዚህ ጋ አውርደኝ ልጄ» ካሉት አይረሳም። «ወራጅ አለ!» ማለት በቂ ነው። ቢሳሳቱም አጠገባቸው የተቀመጠው ሰው ያርማቸዋል።

ውጭ አገር ረዳት የለም። የረዳቱን ሥራ አራት ነገሮች ተከፋፍለውታል። መጥራቱን አውቶብሱ ግንባር ላይ ያለው ቁጥር ይሠራል። ሂሳብ መቀበሉን ካርድ ይሠራል። «ወራጅ አለ» የሚለውን መስኮቱ አጠገብ ያለ ገመድ ወይም ቀይ ቁልፍ ይሠራል። «ደርሰናል» የሚለውን ደግሞ ድምፅ ማጉያና ስክሪን ይሠራሉ። በቃ፣ ልዩነቱ ይህ ነው። ከአገና ወልቂጤ፣ ከወልቂጤ አዲስ አበባ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ስንት ጊዜ ብቻቸውን የተመላለሱ እናት እነዚህን አራት ነገሮች መልመድ አያቅታቸውም።

ማንበብ አለመቻልም ቢሆን መንገድ አይዘጋም። የሜክሲኮ ሲቲ ምድር ባቡር እ.ኤ.አ. በ1969 ሲከፈት ለእያንዳንዱ ጣቢያ የራሱ ሥዕል ተሠርቶለታል፤ ማንበብ የማይችል ሰውም በሥዕሉ ጣቢያውን ይለያል። ሥዕሎቹን የሠራው ላንስ ዋይማን በኋላ የዋሽንግተን ዲሲን የባቡር ካርታ ሠርቷል። የዋሽንግተኑ በቀለም ነው የሚለየው፦ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ብርቱካናማና ብርማ። «ቀዩን ተሳፈሪ» የሚለው ለማንም ይገባል። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር በ2008 ዓ.ም. መስከረም ሥራ ከጀመረ ወዲህ አንዴ የተሳፈረ ሰው ደግሞ ነገሩ ጭራሽ አዲስ አይሆንበትም።

ከቦሌ ይጀምራል

ብዙ ወላጆች የመጀመሪያ ድንጋጤያቸው አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ነው። እዚህ ጋ ብዙ ሰው የማይጠቀምበት ነገር አለ፤ የዊልቸር አገልግሎት። ትኬቱ ሲቆረጥ ለአየር መንገዱ «ዊልቸር ያስፈልጋል» ተብሎ ይነገራል። ክፍያ የለውም። ረጅሙን ኮሪደር መራመድና ሰልፍ መቆም ለሚከብዳቸው አረጋውያን የተሰጠ ነው። አገልጋዩ ከመግቢያው እስከ አውሮፕላኑ በር፣ ሲወርዱም በኢሚግሬሽንና በሻንጣ መቀበያ በኩል አድርጎ ዘመድ እስከሚጠብቅበት ቦታ ያደርሳቸዋል። አሜሪካ ከሆነ ለገፋው ሰው ጥቂት ዶላር ጉርሻ መስጠት የተለመደ ነው።

አንዳንድ አባቶች «እኔ አካለ ስንኩል አይደለሁም» ብለው እምቢ ይላሉ። ክብራቸውን መረዳት ይገባል። ግን ቋንቋው በማይገባ ትልቅ ማረፊያ ውስጥ መንገድ የሚያውቅ ሰው አብሮ መሄዱ ነው ዋናው ጥቅም። እንዲህ ብሎ ማስረዳት ይሻላል።

አንድ ወረቀት ደግሞ ኪሳቸው ውስጥ ይኑር። በአማርኛም በአገሩ ቋንቋም የተጻፈ፦ ስማቸው፣ የሚሄዱበት አድራሻ፣ የልጃቸው ስልክ፣ የሚወስዱት መድኃኒት ስም። ስልክ ባትሪ ይጨርሳል፤ ወረቀት አይጨርስም።

ዋሽንግተንና አካባቢው

የብዙ ኢትዮጵያውያን መኖሪያ የሆነውን ዋሽንግተን ዲሲን፣ በሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግን፣ በቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያን እንደ ምሳሌ እንውሰድ። አሜሪካ የመኪና አገር ነው ይባላል፣ እውነትም ነው። ይህ አካባቢ ግን ያለ መኪና መሄድ ከሚቻልባቸው ጥቂቶች አንዱ ነው።

ሜትሮ የሚባለው ባቡር እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ ይሠራል። እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2022 ወዲህ ብርማው መስመር ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ገብቷል፤ ሰው ከማረፊያው ተነስቶ ባቡር ሳይቀይር መሀል ከተማ ይደርሳል። ሲልቨር ስፕሪንግ በቀዩ መስመር ላይ ነው። አሌክሳንድሪያን ሰማያዊውና ቢጫው ያገኙታል።

የአውቶብሱ ነገር ደግሞ ብዙዎችን ያስገርማል። በአሌክሳንድሪያ ዳሽ የሚባለው የከተማው አውቶብስ እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2021 ጀምሮ ለሁሉም ሰው ነጻ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለበት ሞንጎመሪ ካውንቲም ራይድ ኦን የተባለውን አውቶብሱን እ.ኤ.አ. በ2025 ክረምት ነጻ አድርጎታል። ካርድም፣ ሂሳብም የለም። ቆሞ መጠበቅና መግባት ብቻ።

ሜትሮ ባቡሩና ሜትሮ ባስ ግን ይከፈልባቸዋል። መክፈያው ስማርትሪፕ የሚባል ካርድ ነው። ዕድሜያቸው 65 የሞላ ሰዎች የራሳቸው የአረጋውያን ስማርትሪፕ አላቸው፤ በግማሽ ዋጋ ያሳፍራል። እሱን ለማግኘት ዕድሜን የሚያሳይ ፎቶ ያለው መታወቂያ ይጠየቃል፤ ፓስፖርት ይበቃል። የአሜሪካ ዜጋ መሆን አያስፈልግም።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ በዚያ አካባቢ ባቡር ጣቢያዎቹ ጥልቅ ናቸው። ዊተን የሚባለው ጣቢያ ተንቀሳቃሽ ደረጃው 70 ሜትር ይረዝማል፤ ከላይ ሲያዩት ገደል ይመስላል። ፎረስት ግሌን የተባለው ደግሞ 60 ሜትር ያህል ከመሬት በታች ስለሆነ ተንቀሳቃሽ ደረጃ የለውም፣ በሊፍት ብቻ ነው የሚወረደው። ተንቀሳቃሽ ደረጃ ያልለመደ ትልቅ ሰው እዚያ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ግዴታ የለም፤ ሁሉም ጣቢያ ሊፍት አለው። ለወላጆቻችሁ መጀመሪያ የምታሳዩዋቸው ሊፍቱ የት እንዳለ ይሁን።

65 ዓመት በወረቀት

የግማሽ ዋጋው ነገር የዋሽንግተን ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚያገኝ የከተማ ትራንስፖርት፣ 65 ዓመት ከሞላቸው ሰዎች ሰው በማይበዛበት ሰዓት ከመደበኛው ዋጋ ግማሽ በላይ እንዳያስከፍል ሕግ ይከለክለዋል። ይህ አሠራር እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ ያለ ነው። ስለዚህ ልጃችሁ ሲያትልም ይኑር ዳላስ፣ አትላንታም ይኑር ሚኒያፖሊስ፣ «የአረጋውያን ዋጋ አለ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ያዋጣል። ማመልከቻው በየከተማው ይለያያል። በከተሞች መካከል በሚሄደው አምትራክ ባቡርም 65 ዓመት ለሞላው ሰው በአብዛኛው ጉዞ ላይ 10 በመቶ ቅናሽ አለ።

እዚህ ላይ የእኛ አገር ጣጣ ይመጣል። ብዙዎቹ ትልልቅ ሰዎቻችን የልደት ምስክር ወረቀት ኖሯቸው አያውቅም። መታወቂያ ሲያወጡ ዕድሜያቸው በግምት ተጽፏል፤ ፓስፖርቱም ያንኑ ተከትሏል። 70 ያለፉ አባት በወረቀት 62 ሊሆኑ ይችላሉ። የውጭ አገር ቢሮ የሚያየው ወረቀቱን ነው፣ ሽበቱን አይደለም። ስለዚህ ቅናሽ እናገኛለን ብላችሁ ከመሄዳችሁ በፊት ፓስፖርቱ ላይ በፈረንጅ አቆጣጠር የተጻፈውን ዓመት አይታችሁ አስሉ።

ጉልበታቸው ለማይችልስ?

አሜሪካ ውስጥ አካል ጉዳተኞችን የሚመለከተው የ1990 (እ.ኤ.አ.) ሕግ የከተማ አውቶብሶች መወጣጫ ወይም ማንሻ እንዲኖራቸው ያስገድዳል። ብዙዎቹ አውቶብሶች ደግሞ በራቸው በኩል ዝቅ ይላሉ። ሹፌሩ ካላደረገው ወደ መሬት በእጅ ማመልከት ይበቃል፤ ይገባዋል። ፊት ለፊት ያሉት ወንበሮችም ለአረጋውያን የተተዉ ናቸው፣ ሳያፍሩ መቀመጥ ነው።

በአካል ጉዳት ምክንያት በመደበኛው አውቶብስ መሄድ ለማይችል ሰው ደግሞ ቤት ድረስ የሚመጣ በቀጠሮ የሚያዝ መኪና አለ። ነዋሪ ለዚህ አመልክቶ መጠበቅ አለበት። ለእንግዳ ግን በዓመት ውስጥ እስከ 21 ቀን አገልግሎቱ እንዲሰጠው የፌዴራል ደንብ ያዛል። ጉዳቱ በዓይን የማይታይ ከሆነ የሐኪም ወረቀት ሊጠየቅ ይችላል። ለሁለትና ሦስት ሳምንት ለሚሄድ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው።

ኡበርም አለ። ወላጅ ስማርት ስልክ መጠቀም ባይችልም ልጅ ከሥራ ቦታው ሆኖ በራሱ ስልክ ሊጠራላቸው ይችላል። አዲስ አበባ ራይድን በ8294 ደውለን እንደምንጠራው ማለት ነው። ሁለት ነገር ብቻ ይጠንቀቁ፦ የታርጋ ቁጥሩን ከተነገራቸው ጋር ያስተያዩ፤ ሹፌሩም ስማቸውን እስኪጠራ አይግቡ።

አውሮፓና አረብ አገር ለሚሄዱ

ሁሉም አገር እንደ አሜሪካ አይደለም። ለንደን ላይ ለትልልቅ ሰዎች የሚሰጠው ነጻ መሳፈሪያ ለከተማው ነዋሪዎች ነው፣ ለእንግዳ አይሰጥም። የለንደን አውቶብሶች እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ጥሬ ገንዘብ አይቀበሉም፤ ኪስ ሙሉ ፓውንድ ይዞ ቆሞ መቅረት አለ። ካርድ ይዞ መውጣት የግድ ነው። በአንዱ አውቶብስ ከከፈሉ በኋላ ባለው አንድ ሰዓት ውስጥ ሌላ አውቶብስ ቢቀይሩ ግን ድጋሚ አይከፍሉም። መኪኖቹ በግራ ስለሚሄዱ መንገድ ሲሻገሩ መጀመሪያ ወደ ቀኝ ማየት ነው።

ጀርመን ውስጥ ባቡር ጣቢያ በአብዛኛው በርም፣ ጠባቂም የለውም። ዝም ብሎ መግባት ይቻላል። ይህ ብዙ እንግዳ «ነጻ ነው» ብሎ እንዲያስብ ያደርጋል። አይደለም! ተቆጣጣሪ በድንገት ይገባል፤ ትኬት የሌለው ሰው 60 ዩሮ ይቀጣል። «አላወቅኩም» ማለት አይሠራም።

ዱባይ ሜትሮ እ.ኤ.አ. በ2009 ነው የተከፈተው። መክፈያው ኖል የሚባል ካርድ ነው። ለሴቶችና ለሕፃናት የተለየ ፉርጎ አለ፤ ለእናቶቻችን ይመቻል። ባቡር ውስጥ መብላትና መጠጣት ግን ያስቀጣል፤ ቆሎ በፌስታል ይዞ ገብቶ መቆርጠም የለም።

ሰዓቱ

ብዙ ሰው የሚስተው ይህን ነው። የእኛ ሰዓትና የእነሱ ሰዓት በስድስት ይለያያል። ፌርማታው ላይ 8 ሰዓት ተብሎ ከተጻፈ በእኛ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ማለት ነው። ልጅ «አውቶብሱ በ2 ይመጣል» ብሎ በፈረንጅ ሰዓት ቢናገር፣ እናት በእኛ 2 ሰዓት ወጥተው ስድስት ሰዓት ሙሉ ብርድ ላይ ሊቆሙ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው። ከመሄዳቸው በፊት በየትኛው ሰዓት እንደምትነጋገሩ ተስማሙ፣ ከዚያ አትቀላቅሉ።

ሌላው ነገር እሁድ ነው። እሁድ አውቶብስ ይቀንሳል፣ ዘግይቶም ይጀምራል። ቅዳሴ ደግሞ በጠዋት ነው። ስለዚህ እሁድ ጠዋት በአውቶብስ አትመኩ፤ በዚያው ሰፈር ከሚያስቀድስ ሰው ጋር አስተዋውቋቸው፣ እግረ መንገዱን ይወስዳቸዋል። ጁምዓ ለሚሰግዱ ግን ዓርብ የሥራ ቀን ስለሆነ አውቶብሱ እንደ ልብ ነው።

አንድ መንገድ አስተምሯቸው

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ወላጆቻችሁን የከተማውን ካርታ ለማስተማር አትሞክሩ። ማንም ሰው አዲስ አበባን በአንድ ሳምንት አይለምድም። አንድ መንገድ ብቻ ምረጡ። ሊሄዱበት የሚፈልጉት ቦታ ይሁን፤ ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ፣ የሐበሻ ሱቅ፣ ወይም የአገር ሰው የሚገናኝበት ካፌ።

የመጀመሪያው ቀን አብራችሁ ሂዱ፣ እናንተ ምሩ። በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን እሳቸው ይምሩ፣ እናንተ ዝም ብላችሁ ተከተሉ። ቢሳሳቱም አትቸኩሉ። በአራተኛው ቀን ብቻቸውን ይሂዱ፣ እናንተ ፌርማታው ላይ ጠብቁ። በአምስተኛው ቀን ደርሰው ሲመለሱ ብቻ ይደውሉ።

ስታስተምሩ ምልክቱን በጽሑፍ አታድርጉት። እዚህ «ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ፣ ከትልቁ ዛፍ ጋ» ብለን እንደምንጠቁመው አድርጉ። «ቀዩ ሕንፃ ሲታይ ገመዱን ሳቢ»። የአውቶብሱን ቁጥር ወፍራም አድርጋችሁ ወረቀት ላይ ጻፉ።

ከሁሉ በላይ የመመለሻውን አሳዩ። ሰው የሚጠፋው ሲሄድ ሳይሆን ሲመለስ ነው። የመመለሻው ፌርማታ ብዙ ጊዜ ከወረዱበት ማዶ፣ መንገዱን ተሻግሮ ነው። ቁጥሩ አንድ ዓይነት ነው፣ አቅጣጫው ግን ይለያል። ይህን ያልተነገረው ሰው በወረደበት ቆሞ ያንኑ ቁጥር ይሳፈርና ከቤቱ ይርቃል። መንገድ ሲሻገሩም የእግረኛ መብራቱን ቁልፍ ተጭነው ይጠብቁ። በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች መኪና በቀይ መብራትም ቢሆን አይቶ ወደ ቀኝ መታጠፍ ይፈቀድለታል፤ መብራቱ «ተሻገር» ቢልም ዞር ብሎ ማየት ነው።

ቢጠፉስ? አይሩጡ፣ አይራቁ። የአውቶብስ ሹፌር ወይም የጣቢያ ሠራተኛ ጋ ሄደው ወረቀቱን ያሳዩ። «አምሃሪክ» የምትለዋን ቃል ይልመዱ። በዋሽንግተን ዲሲ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ ስላለ የከተማው ቢሮዎች በአማርኛ አስተርጓሚ ያቀርባሉ። ከአማርኛ ይልቅ ጉራጊኛ የሚቀናቸው ወላጆች ግን አሉ፤ ለእነሱ አስተርጓሚ ማግኘት ይከብዳል። ስለዚህ የእነሱ ወረቀት ላይ የልጅየው ብቻ ሳይሆን ቋንቋቸውን የሚናገር ሌላ ሰው ስልክም ይጻፍ።

የማይሆንበት ጊዜ

እውነቱን እንነጋገር፣ ይህ ሁሉ ለሁሉም አይሠራም። መርሳት ለጀመራቸው ሰዎች ብቻቸውን መውጣት አደጋ ነው። በረዶ ሲጥል፣ በተለይ ንጣፉ ላይ የማይታይ በረዶ ሲጋገር፣ ጎረምሳም ይወድቃል። እንግዳ ደግሞ ብዙ ጊዜ የጤና መድን የለውም፤ የተሰበረ ዳሌ ቤተሰቡን ለዓመታት ዕዳ ውስጥ ሊከት ይችላል። ከመሄዳቸው በፊት የጉዞ የጤና መድን መግዛት ከትኬት እኩል ይታሰብ። በክረምታቸው የሚሄዱ ከሆነም ወሩን መቀየር ያስቡበት።

አውቶብስም፣ የእግረኛ መንገድም የሌለበት ሰፈር አለ። ልጅ ቤት ሲከራይ ለራሱ መኪና ብቻ አስቦ ነው የሚከራየው። ወላጆቹን ለስድስት ወር ሊያመጣ ያሰበ ሰው ግን «ከዚህ ቤት ፌርማታ ስንት ደቂቃ በእግር ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ብዙ ይቀየራል። የልጅ ልጅ ለመጠበቅ ብለን የምናስመጣቸው እናቶችም አሉ። ቀኑን ሙሉ ሕፃን ይዘው ቤት የሚውሉ ከሆነ በሳምንት አንድ ቀን እንኳ የራሳቸው መውጫ ሊኖራቸው ይገባል። እሳቸውም ሰው ናቸው።

ውጭ ያላችሁ ልጆች፣ ወላጆቻችሁ የሚፈልጉት መኪና ብቻ አይደለም። የፈለጉ ቀን ማንንም ሳይለምኑ ተነስተው መሄድ ነው የለመዱት። እዚህ ያላችሁ ወላጆችም፣ «አስቸግራለሁ» ብላችሁ ዝም አትበሉ። ገና ከመሄዳችሁ በፊት ጠይቁ፦ «እዚያ ስመጣ ብቻዬን የምሄድበት መንገድ የቱ ነው?»

በሌላ አገር ያላችሁ፣ ለወላጆች የሚጠቅም የትራንስፖርት አሠራር የምታውቁ ኮሜንት ላይ ጻፉልን። ወላጆቹን ለመውሰድ ለተዘጋጀ ሰው ደግሞ ሼር አድርጉለት። መልካም ጊዜ!